በርበሬ የነካው ዶላር

ከሄድንበት ከተመለስን ወዲህ የጌጃ ሰፈር ሴት ሁሉ ደጃፌን እየረገጠች የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ውጭ አገር ሲኬድ እንዴት ነው? ባሕር ዳርቻ ያለ ሆቴል ለሚገባ ሰው ምን ይያዛል? ገንዘቡስ የት ይቀመጣል? ለእያንዳንዷ በር ላይ ቆሜ ሳስረዳ ሁለት ቀን ወጥ አረረብኝ። ስለዚህ ልጽፈው ቆረጥኩ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ አጠገባቸው ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። የተሳሳተ ፊደል ካገኛችሁ ያን ዕለት ሽንኩርቱ ዓይኔን አቃጥሎኝ ነበር ብላችሁ እለፉት።

ዋናውን ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዶላራችሁን በርበሬ ውስጥ አትደብቁ።

እንዲያው ከመሬት ተነስቼ አይደለም የደበቅኩት። አብነት ሰፈር በርበሬና ሽሮ ስሸጥ ሃያ ምናምን ዓመት ኖሬአለሁ። የቀኑ ሽያጭ ሁልጊዜ የሚያድረው ከበርበሬው ከረጢት ሥር ነበር። ሌባ ሁለት ጊዜ ሱቄን ሰብሮ ገብቷል፤ አንዴ ሚዛኔን፣ አንዴ ሬዲዮዬን ይዞ ሄደ። ብሩን ግን ያገኘው የለም። ጠዋት አውጥቼ፣ አራግፌ ለታክሲ ስከፍል ረዳቱን ያስነጥሰው ይሆናል እንጂ አልቀበልም ያለኝ አንድ ሰው አላስታውስም። በእኛ ሰፈር በርበሬ የነካው ብር ያው ብር ነው። ዶላርም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

ጉዞው የታሰበው ለእኔ አልነበረም፤ ለጎረቤቴ ነው። ቤታችን በአንድ ግድግዳ ከተጣበቀ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። እሷ የወሎ ሰው ናት፣ ሙስሊም ናት። እኔ የልደታ ማርያምን ደጅ የምስም ነኝ። በእሷ ጾም እኔ ምሳዬን ደብቄ እበላለሁ፤ በእኔ ጾም እሷ ሥጋ ስትጠብስ መስኮቷን ትዘጋለች። ባሏ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር፤ ያን ረጅሙን መኪና ከነተሳቢው የሚነዳ። በተመለሰ ቁጥር ስለ ባሕሩ አውርቶ አይጠግብም። አንድ ቀን ጋቢና አስቀምጬሽ ወስጄ አሳይሻለሁ ይላት ነበር። ከዚያ መንገዱም ተዘጋ፣ እሱም አረፈ።

ባለፈው ዓመት የግራ ዓይኗ ጨልሞ ቀረ። ሐኪሙ የቀኙም ቀስ እያለ እንደሚከተል ነገራት፤ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም አላት። ከሐኪሙ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎኔ ተቀምጣ ነበር። ልደታ ልንወርድ ስንል ክንዴን ያዘችኝ።

«እቴ፣ ያን ባሕር ሳላየው ሊመሽብኝ ነው» አለችኝ።

የዚያን ሰሞን እቁብ ደርሶኝ ነበር፤ ማቀዝቀዣ ልገዛበት። ማቀዝቀዣው ቀረ። ትኬት ቢሮ የምትሠራ ሴት ልጅ አለችኝ። ለእሷ ነገርኳትና ስትፈልግ ሰንብታ፣ ዛንዚባር የምትባል ደሴት ላይ ሰዎች ይዘው የሰረዙት ክፍል በቅናሽ አገኘች። ሦስት ሌሊት፣ ቁርስና እራት ያለው፣ ከኤርፖርት የሚወስድ መኪናም የተከፈለበት። ጎረቤቴ ልጆቿ ያዋጡላትን ጨመረች፤ ሞላ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጉድ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ለፓስፖርት ፎቶ ስንነሳ አትሳቁ ቢሉን ይበልጥ ሳቅን፤ ፎቶ አንሺው ሦስት ጊዜ ደገመን። ለቢጫ ወባው ካርድ መርፌ ስንወጋ ጎረቤቴ እጅጌዋን ሰብስባ ቀድማኝ ገባች፤ እሷ እኮ ክሊኒክ ስሟ ሲጠራ ሽንት ቤት የምትደበቅ ሴት ነበረች። ሌሊት ሌሊት በግድግዳው በኩል አንኳኩቼ «ተኝተሻል?» ስላት «አልተኛሁም» ትለኛለች። ዕድሜያችን ተረሳ።

ባንክ ስንሄድ ፓስፖርትና ትኬት አይታ ዶላሩን የሰጠችን ልጅ ጨዋ ነበረች። ኃምሳዎችና ጥቂት አስሮች ሰጠችኝ፤ ገና ከማሽን የወጡ የሚመስሉ።

«እናቴ፣ እንዳያጥፉት» አለችኝ። «የታጠፈና የቆሸሸ እዚያ አይቀበልዎትም።»

የታጠፈ ማለቷ ገባኝ። የቆሸሸ ስትል ግን በርበሬ ትላለች ብዬ በምን ልጠርጥር? በርበሬን ቆሻሻ ያለው ማን ነው? እንግዲህ ካልታጠፈ መቀነት ላይ አይቋጠርም። ስለዚህ ከነፖስታው ጠፍጣፋ ምሳ ዕቃ ሥር አነጠፍኩትና በርበሬውን ከላይ ሞላሁበት። የሆቴሉ ምግብ አልጫ ቢሆንስ ብዬ በርበሬውን ለመውሰድ ድሮውንም አስቤ ነበር። ምሳ ዕቃው ሻንጣ ውስጥ ገባ። ሻንጣዬን በሌላ ሻንጣ እንዳትለወጥብኝ በአሮጌ መቀነቴ ወገቧን አሰርኳት። ጎረቤቴ ደግሞ የባንኳን ልጅ ምክር ከምንም ሳትቆጥር ድርሻዋን፣ አንዱን ኃምሳና ሦስቱን አስር፣ ስምንት ቦታ አጥፋ ወገቧ ላይ ቋጠረችው። ልጅቷ የእኔን ወገብ አታውቀውም አለችኝ። የእሷ ንጥር ቅቤ ያለበት ብልቃጥም ከእኔ ምሳ ዕቃ አጠገብ ገባ። የክረምት ጠዋት ስለነበር ቅቤው እንደ ድንጋይ ነበር።

የአውሮፕላኑን ወንበር ልጄ አስባ ያስያዘችልን ጎረቤቴ በመስኮት በኩል፣ መስኮቱም በቀኝ ዓይኗ እንዲሆን አድርጋ ነበር። ሴትዮዋ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ከዚያ ወዲያ ፊቷን አላየሁትም። ከታች ነጭ ነጭ ብቻ።

«ይኼ ነው እንዴ ባሕሩ?» አለችኝ።

«ይኼማ የእኛው ክረምት ነው» አልኳት። ከኋላችን የተቀመጠው ሰውዬ ሳቀ። መንገድ ላይ አንድ ከተማ አርፈን፣ ሰው ወርዶ ሰው እስኪገባ ፀሐይ ላይ ብዙ ቆምን። ቅቤው ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ይህችን ያዙልኝ። እኔ የውጭ አገር ኤርፖርት እንደ አውቶቡስ ተራ መስሎኝ ነበር፤ መጀመሪያ ዕቃህን ታወርዳለህ፣ የሚከፈል ካለ በሩ ላይ ትከፍላለህ። እንደዚያ አይደለም። ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ መጀመሪያ መስኮት ነው። ለቪዛው ይከፈላል፣ ማኅተም ይመታል፣ ሻንጣ የሚገኘው ከዚያ ወዲያ ነው። ወደ ሻንጣ ለመሄድ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ የእኔ ገንዘብ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ነው።

መስኮቱ ላይ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ተቀምጧል። ልጄ በእንግሊዝኛ የጻፈችልንን ወረቀት ሰጠሁት፤ የሆቴሉ አድራሻ፣ የምንመለስበት ቀን፣ ሁሉም አለበት። ይህን እናንተም አስጽፉ፤ አፍ ለሌለው ሰው አፍ ነው። አነበበና በጣቱ አምስት፣ ከዚያ በእጁ ዜሮ ሠራ። ኃምሳ፣ ለእያንዳንዳችን። ጎረቤቴ ወደ ግድግዳው ዞራ መቀነቷን ፈታችና ያቺን ስምንት የታጠፈች ኃምሳ አወጣች። ሰውዬው ጠረጴዛው ላይ በመዳፉ አሻሻት፣ ወደ ብርሃኑ አነሳት፣ ተቀበላት። ማኅተሟ ተመታላት። ወደ እኔ ሲዞር ወደ መስታወቱ በር ጠቆምኩት።

በመስታወቱ ማዶ ሻንጣዬ ትታያለች። መቀነቷን እንደታጠቀች በዚያ በሚዞረው ነገር ላይ ያለእኔ ትዞራለች። አንዴ አለፈች፣ ደግማ አለፈች። ሰውዬው በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለኝ፤ እኔም በአማርኛ ሁሉን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ዳር ያለ አግዳሚ ወንበር አሳየኝ። ለጎረቤቴ ግን እለፊ አላት በእጁ።

የማይከፍል ሰው በመጣበት አውሮፕላን እንደሚመለስ ልጄ ነግራኛለች። የእኔ መመለስ ምንም አይደለም፤ ማቀዝቀዣ እንደገዛሁ እቆጥረዋለሁ። እሷ ግን ሌላ ዓመት የላትም።

«ግቢ» አልኳት። «ውጭ መኪናው ይጠብቅሻል። እኔን ቢመልሱኝም አንቺ አይተሽው ትመጫለሽ።»

ማኅተም የተመታበትን ፓስፖርት ይዛ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ተመልሳ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ማን ሊያሳየኝ ነው? እኔ ዓይኔን ይዤ መጣሁ፣ አፉ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ሰልፉ አለቀ። ሌላ ሰልፍ መጣ፣ እሱም አለቀ። ሻንጣዬን አንድ ሰው አንስቶ ወለሉ ላይ አቆማት። እኔ በሐሳቤ ልደታን እየጠራሁ ሳለ፣ ፀጉሯን የሸፈነች፣ የሥራ ልብስ የለበሰች ሴትዮ በፊታችን ስታልፍ ጎረቤቴ «አሰላሙ አለይኩም» አለቻት። ሴትዮዋ ቆማ ሙሉውን መለሰችላት። ከዚያ ወዲያ ቋንቋ የላቸውም። ጎረቤቴ ግን ተነስታ የግራ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች፣ እጇን ደግሞ ነፍስ እንደሌለው ነገር ጣለችው። ቀጥላ የቀኙን አሳየችና ጣቶቿን ቀስ አድርጋ ሰበሰበች፣ ሰበሰበች። ከዚያ በሁለት እጇ ማዕበል ሠራች። ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ሻንጣዬን። ለእኔ አንድ ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ የነገረችኝን ለሴትዮዋ በእጇ ነገረቻት።

ሴትዮዋ ለመስኮቱ ሰውዬ የሆነ ነገር አለችው፤ ክንዴን ይዛ በመስታወቱ በር አሳለፈችኝ። መቀነቱን ፈታሁ። ሻንጣው ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው። ቅቤው ቀልጦ ብልቃጡን ለቆ ምሳ ዕቃው ውስጥ ገብቷል፤ በርበሬው ርሷል፤ ፖስታው ቀይ ሆኗል። ወጥ ለመሆን የቀረው ሽንኩርት ብቻ ነው። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አየችና ሦስት ጊዜ አስነጠሳት። «ይማርሽ» አልኳት፤ ምን ልበላት።

ፖስታውን በሻርፔ ይዤ ተመልሼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ሰውዬው የላይኛዋን ኃምሳ በሁለት ጣቱ አንስቶ አይቶ መለሳት። የታችኛዋንም መለሳት። ሁለተኛዋን ከላይ፣ ሁለተኛዋን ከታች፣ ሁሉንም። ጎረቤቴ ከኋላዬ ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ ትላለች። የቀረችው መሐል ላይ የነበረችው አንዷ ናት። ከሌሎቹ ላይ ቀስ ብሎ ላጣት። እንዳለች ናት፤ አንድ ጥጓን ብቻ ቀይ ነክቷታል። ጥጓን በሶፍት አሻሸ፣ አሸተታት፣ ወደ ብርሃን አነሳት። እኛን ሁለታችንን አየ። ለባልደረባው የሆነ ነገር ሲለው ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ማኅተሙን አነሳ።

ጎረቤቴ ክንዴን ይዛ እያሳለፈችኝ፣ «የባንኳ ልጅ እንዳታጥፊው አለችሽ እንጂ ቀቅይው አለችሽ?» አለችኝ። እዚያው የሰው አገር ላይ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

እንግዲህ ከዚህ ተማሩ። ለመግቢያ የሚከፈለውን ገላችሁ ላይ፣ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ሳታጥፉ ያዙ። የቀረውን ሁለት ቦታ ክፈሉት። እኛን ያዳነን ሁለት ቦታ መሆኑ ነው። ገንዘብ የሚመነዘርበት መስኮት የእኔን ቀያዮች ስላልነካ፣ ከጎረቤቴ ሦስት አስሮች አንዷን ብቻ መነዘርን፤ የአገሩን ሽልንግ ሰጡን። ከመስኮቱ ሳትርቁ ቀስ ብላችሁ ቁጠሩት፣ የደረሰኙንም ወረቀት ተቀበሉ። ሁሉንም እዚያው አትመንዝሩ፤ ከተማ ውስጥ የተሻለ ይገኛል አሉኝ። በሩ ላይ ሻንጣችሁን ሊያነሳላችሁ የሚሮጥ ብዙ ነው፤ መልካም ሰዎች ናቸው፣ ግን ያነሳ ሁሉ ጉርሻ ይጠብቃል። የእኛ ሹፌር ስሜን የያዘ ወረቀት አንስቶ ቆሞ ነበር። የፈረንጁን ፊደል ስለማላነብ ልጄ ስሜን በትልቁ ጽፋ ሰጥታኛለች፤ አጠገቡ ሄጄ የእኔን ወረቀት ከእሱ ወረቀት ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩና ገባን። ሆቴል ሲደረስም ለተሸካሚው የምትሰጡት ዝርዝር ያዙ። እኔ ስላልነበረኝ ሁለት እፍኝ ዳቦ ቆሎ ሰጠሁት። ቀምሶ ደግሞ እጁን ዘረጋ።

ክፍሉን ሳናይ ወደ ባሕሩ ሮጥን። መሮጥ ስል በእኛ ዕድሜ የሚሮጠውን ማለቴ ነው። በዘንባባው መካከል አልፈን አሸዋው ላይ ስንደርስ ባሕሩ የለም።

የለም አልኳችሁ። ርጥብ መሬት፣ አረንጓዴ ሣር ነገር፣ ጎናቸው ላይ የተጋደሙ ጀልባዎች። እስከ ዓይን ማረፊያ ድረስ ጭቃ። ጎረቤቴ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ቆየችና ድምጿ ቀጠነብኝ።

«የማላየው እኔ ነኝ?» አለችኝ።

«እኔም አላየሁትም» አልኳት። በሕይወቴ ዓይኔ ባያይ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሷ እያየች እኔ ብቻ ባላይ በወደድኩ ነበር።

ከሆቴሉ አጥር ውጭ፣ ምንጣፍ ላይ ቅርንፉድና ቀረፋ ዘርግታ የተቀመጠች አሮጊት ነበረች። ወደ እሷ ሄድኩ። ወደ ጭቃው ጠቁሜ ሁለት እጄን ዘረጋሁ፤ የት ሄደ ለማለት። ሳቀችብን። መዳፏን ጉንጯ ሥር አድርጋ ተኛች፣ ከዚያ ፀሐይ ስትወጣ በእጇ አሳየችን፣ ከዚያ ሁለት እጇን ከሩቅ ወደ እግሯ ሰበሰበች። ሄዶ የሚመጣ ባሕር ነው ማለቷ ነው። የአሰቡ ሹፌር ይህን አልነገራትም።

ለምስጋና ይሁን ብዬ ከእሷ ቅርንፉድ ልገዛ ፈለግሁ። ሽልንጉ ግን ሻንጣው ውስጥ ቀርቷል፤ ኪሴ ያለው ቀዩ ዶላር ነው። አፍሬ አንዷን አስር ዘረጋሁላት። አሮጊቷ ተቀብላ አሸተተቻት። ጥጓን በጣቷ ነካ አድርጋ ጣቷን ላሰች። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አሳላት፣ ጭኗን እየመታች ሳቀች። ከዚያ ዶላሬን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ሽልንግ ቆጥራ መለሰችልኝ፤ ቅርንፉዱንም በወረቀት ጠቅልላ። አብነት የቆምኩ መሰለኝ።

ጠዋት በረንዳ ላይ ስወጣ ውሃው ደረጃው ሥር ደርሷል። ስገባ ጎረቤቴ ሶላቷን ጨርሳ መስገጃዋን እያጠፈች ነው።

«መጥቷል» አልኳት።

እጇን ይዤ አወረድኳት። ጫማዋን አውልቃ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ሲነካት እጄን ጨመቀችኝ። እኔም አፍ ነሽ ተብዬ ስለመጣሁ ጀመርኩ፤ በግራሽ አንድ ጀልባ አለ፣ ሸራው ነጭ ነው፣ ወደዚያ ደግሞ ሁለት ሴቶች...

«ዝም በይ፣ ልየው» አለችኝ።

አንገቷን ወደ ግራ ጠምዘዝ አድርጋ ቀኝ ዓይኗን ከባሕሩ ጋር አስተካከለች። ከአንዱ ጫፍ ጀምራ እስከ ሌላው ጫፍ ሄደች፤ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው፣ ሳትቸኩል። ተመልሳ ደግሞ ከዚያኛው ጫፍ ጀመረች። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። ፀሐዩ ትከሻችንን ማቃጠል ጀምሮ ነበር።

«እቴ።»

«ወይ።»

«ሰማያዊ ነው ይለኝ ነበር።»

«እና?»

«አረንጓዴ ነው። ያ ውሸታም፣ ዕድሜ ልኩን ዋሽቶኛል።»

የአሰቡ ሌላ ባሕር ነው ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እሷን ሳቅ ሳቅ እያላት መጣና ገነፈለ። እየሳቀች ከነቀሚሷ ውሃው ውስጥ ዘፍ ብላ ተቀመጠች፤ እስከ ወገቧ።

«መቀነትሽ! ገንዘቡ!» አልኳት።

«ይራስ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከባሕሩ ሳታነሳ። «የቅመሟ ሴትዮ ትቀበለኛለች።»

እኔም ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።